ሶፋው በረዶ ላይ፦ ከሲዳር ጎዳና እስከ ሚኒሶታዋ ሆሊውድ

ስለ ሚኒሶታ ሲነሣ በዋሽንግተንም ሆነ በአትላንታ፣ በለንደንም ሆነ በዱባይ ያለው ወገናችን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ብርዱ ነው። «እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትችሉት?» ይለናል። ብርዱስ እውነት ነው። በጥር ወር መኪናውን ደጅ ያሳደረ ሰው ጠዋት ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ስንት ስለት እንደሚሳል እኛ እናውቃለን። ከብርዱ ቀጥሎ የሚነሣው ነፍሱን ይማረውና ፕሪንስ ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው ያልቃል።

ይህ ጸሐፊ ዛሬ ሊያወጋችሁ ያሰበው ግን ስለ ሌሎች የሚኒሶታ ሙዚቀኞች ነው፤ ጄይሆክስ ስለሚባል ባንድ። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁ ብትኖሩ አይደንቅም፤ አብዛኛው አሜሪካዊም አያውቀውም። በ1985 ተቋቁሞ፣ መሥራቹን ሁለት ጊዜ አጥቶ፣ ተበትኖ ተሰብስቦ፣ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ በ2020 አዲስ አልበም ያወጣ ባንድ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ባንድ ተከትሎ የሄደ ሰው የሚኒያፖሊስን ከተማ ዞሮ ያያል፤ አልፎም ወደ ገጠሩ ይወጣል። እኔም አገሩን ያየሁት እንዲያ ነው።

ከሲዳር ጎዳና እንጀምር። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ፣ ዩኒቨርሲቲው ጥግ ላይ፣ ሲዳርና ሪቨርሳይድ የሚባሉ ሁለት ጎዳናዎች ይገናኛሉ። ከሩቅ የሚታየው ራልፍ ራፕሰን የተባለው አርክቴክት የነደፈው ሪቨርሳይድ ፕላዛ ነው። በ1973 የተከፈተ የፎቆች ክምር ሲሆን ግራጫው ሲሚንቶ መሐል መሐሉን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ዛሬ እዚያ የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ነው። ሱማሌው ይበዛል፤ ኦሮሞው፣ ኤርትራዊው፣ የአዲስ አበባውም ልጅ አለ። አመሻሽ ላይ ሊፍቱ በተከፈተ ቁጥር የአንዱ ቤት ቁሌት ከሌላው ቤት ዕጣን ጋር ተቀላቅሎ ይቀበላችኋል። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኦሮሞ ማኅበረሰቦች አንዱ በዚሁ በሚኒሶታ እንደሚኖር የምታውቁት ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚህ ጎዳና ላይ መጤ የሚባሉት ስዊድኖች፣ ኖርዌጆችና ዴንማርኮች ነበሩ። ጎዳናውም በቅጽል ስሙ «የሱረት ጎዳና» ይባል ነበር። ሱረት ያው አያቶቻችን በአፍንጫቸው የሚስቡት የትምባሆ ዱቄት ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከከንፈራቸው ሥር ይወትፉታል። ዴንማርኮቹ በ1886 ዳንያ አዳራሽ የተባለ ሕንፃ አቆሙ። እኛ የኮሙኒቲ ማዕከል እንደምንለው መሆኑ ነው፤ እንግዳ የሆነበት ሰው ሁሉ የአገሩን ቋንቋ ለመስማት የሚሄድበት። የመጀመሪያዎቹ መጤዎች ልጆች እንግሊዝኛው ሲቀናቸውና ገንዘብ ሲይዙ ወደ ከተማው ዳር ወጡ፤ የሱረት ጎዳናም ኪራዩ ረከሰ። አዳራሹ ብዙ ዘመን ቆይቶ በ2000 ተቃጠለ።

ኪራይ በረከሰበት ሰፈር ማን እንደሚገባ የታወቀ ነው፤ ተማሪና ሙዚቀኛ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ወጣቶች ጊታር ይዘው ሲዳርን ሞሉት። ከርነር፣ ሬይና ግሎቨር የሚባሉ ሦስት ነጮች የደቡቡን ጥቁር ብሉዝ እዚህ ብርድ አገር ውስጥ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። ከወንዙ ማዶ ዲንኪታውን የሚባል የተማሪዎች ሰፈር አለ፤ ቦብ ዲላን በ1959 ሂቢንግ ከምትባለው የብረት ማዕድን ከተማ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ያለው እዚያ ነው። ትምህርቱን ትቶ በ1961 መጀመሪያ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ብዙዎቹ ግን የትም አልሄዱም፤ እዚያው ሲዳር ጎዳና ላይ ሲጫወቱ አረጁ።

ጄይሆክስ የተገኘው ከዚህ ወግ ነው። ሁለቱ ጎዳናዎች ከሚገናኙበት 400 ባር የሚባል ጠባብ ቤት ነበረ፤ ባንዱ በጀማሪነቱ ከተጫወተባቸው ቤቶች አንዱ ነው። በ2012 መጨረሻ ተዘጋ። ከ1906 ጀምሮ የቆየው ፓልመርስ ባርም በ2025 ተዘግቶ ሕንፃውን አጎራባቹ መስጊድ ገዛው። ስለዚህ ነገር ያዘኑ የቆዩ ደንበኞች ብዙ ናቸው፤ በበኩሌ ጥሩ ሙዚቃ ቤት ሲዘጋ ደስ አይለኝም። ነገር ግን ዳንያ አዳራሽም አንድ ጊዜ የዴንማርኮች ነበረ። ጎዳናው ዘፈን አላጣም፤ ከ1989 ጀምሮ በአንድ የድሮ ሲኒማ ቤት ውስጥ የሚሠራው የሲዳር ባህል ማዕከል የሱማሌ ዘፋኞችንም የሚያቀርብበት ጊዜ አለ። ቀይ ባሕር የሚል ስም ያወጣው ምግብ ቤትም ጥብሱን ከባንድ ጋር ያቀርብ ነበር።

ስለ ባንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረኝ አብሮኝ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ጋዜጣ ላይ መውጣት የሚወድ ሰው አይደለም። የገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ የወተት ላሞች ነበሯቸው። አንድ ሌሊት፣ የዕረፍት ሰዓታችን ላይ፣ «አገርህ ሳለህ ምን ትሠራ ነበር?» አለኝ። ጋዜጠኛ ነበርኩ አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ይህን ስማ» ብሎ ከመኪናው አንድ ሲዲ አመጣልኝ። ጋዜጠኝነትና ሲዲው ምን እንዳገናኛቸው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ሙዚቃው ሩትስ ሮክ ከሚባለው ወገን ነው። ሩትስ ማለት ሥር ነው። ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም አለው፤ ሥሩ ግን የገበሬው፣ የገጠር ቤተ ክርስቲያኑና የጥቁሩ ሠራተኛ የቆየ ዘፈን ነው። በ1980ዎቹ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ይህን መጫወት እንደ ኋላ ቀርነት ሳይቆጠር አልቀረም። ከተማው በአንድ ወገን የፕሪንስን ፈንክ፣ በሌላው ወገን ሪፕሌስመንትስና ሁስከር ዱ የተባሉትን ጆሮ የሚያደነቁሩ ፓንኮች ይዞ ዝናው የናኘበት ዘመን ነበር። በዚያ መሐል አራት ወጣቶች የአያቶቻቸውን ካንትሪ ይዘው ብቅ አሉ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1986 በጥቂት ሺህ ሸክላ ብቻ ታትሞ ወጣ። ሁለተኛው በ1989 ትዊን ቶን በተባለው የከተማው አሳታሚ ታተመ፤ ስሙ ብሉ ኧርዝ፣ ሰማያዊ አፈር ማለት ነው። ይህም በደቡብ ሚኒሶታ ያለች ከተማና ወንዝ ስም ሲሆን፣ ዳኮታዎቹ ሕንዶች በቋንቋቸው የጠሩት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የጄይሆክስ መለያ የሁለት ሰው ድምፅ ነው፤ የማርክ ኦልሰንና የጋሪ ሉሪስ። በእኛ ዘፈን አውራጅ ያወርዳል፣ ተቀባይ ይቀበላል፤ ሁለት ሆነው አብረው ቢዘፍኑም የሚይዙት አንድ ዜማ ነው። ከዚህ የሚለዩት በጋሞ ደጋ ያሉት ዶርዜዎች ናቸው፤ እነርሱ ብዙ ድምፅ አነባብረው ሲዘፍኑ የሰማ ፈረንጅ የሙዚቃ ተመራማሪ ሁሉ ተደንቋል። ኦልሰንና ሉሪስም እንዲያ ናቸው። አንዱን ቃል በአንድ ትንፋሽ ይሉታል፣ ዜማው ግን ለየራሳቸው ነው። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የትኛው አውራጅ፣ የትኛው ተቀባይ እንደሆነ ለመለየት ይህ ጸሐፊ ብዙ ሌሊት ሞክሮ ትቶታል። በአሜሪካ ካንትሪ ይህን ዓይነቱን አዘፋፈን የሚያውቁበት እንደ ኤቨርሊ ያሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንድ ቤት አድገው ትንፋሻቸው አንድ የሆነ። እነዚህ ሁለቱ ግን ዘመድ አይደሉም። ሉሪስ እንዲያውም የሚኒሶታ ተወላጅ አይደለም፤ ከቶሊዶ፣ ኦሃዮ መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር የተማረ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ባንድ ውስጥ አንዱ ቢሄድ ምን እንደሚሆን አስቡት። የሚጎድለው አንድ ዘፋኝ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ዘፈን ግማሹ ይሄዳል።

ከዚያ በፊት ግን ሆሊውድ አለ።

በ1992 ባንዱ ትልቅ አሳታሚ አግኝቶ ሦስተኛውን አልበም አወጣ። ስሙ «ሆሊውድ ታውን ሆል» ነው፤ የሆሊውድ አዳራሽ። ሽፋኑን ያየ ሰው ግራ ይጋባል። መሬቱ በረዶ ነው። በረዶው ላይ አሮጌ ሶፋ ተቀምጧል፤ ሙዚቀኞቹ ሶፋው ላይ አሉ፤ ከኋላቸው ትንሽ የገጠር ቤት ይታያል። ዘንባባ የለ፣ ፊልም የለ። ምክንያቱም ይህ ሆሊውድ የካሊፎርኒያው አይደለም። ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ ወደ አርባ ማይል ገደማ ርቆ፣ ካርቨር በሚባለው አውራጃ ውስጥ ያለ የገበሬዎች ቀበሌ ነው። በዕድሜ እንኳ የካሊፎርኒያውን ይበልጠዋል።

ሽማግሌው ጓደኛዬ አንድ የየካቲት ቅዳሜ በፒክ አፑ ይዞኝ ሄደ። በሰባት ቁጥር መንገድ ነው የሚኬደው። መጀመሪያ የሚኒቶንካ ሐይቅና የሀብታሞቹ ቤቶች ይመጣሉ፤ ከዚያ ቤቱ እየሳሳ ሴንት ቦኒፋሺየስ የምትባል ትንሽ ከተማ ታልፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ብቻ ነው። በበጋ በቆሎና አኩሪ አተር የሚሸፍነው መሬት ያን ዕለት ነጭ ነበር። የበቆሎው ቆረን በረዶውን ወግቶ በመስመር በመስመር ቆሟል። እዚህም እዚያም የእህል ጎተራ፣ ጎተራው ከራቀ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። አርሲን ወይም የሸዋን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ስፋቱን አይደነግጥበትም፤ የሚያስደነግጠው ዝምታው ነው። ሰው የለም። እኛ አገር ይህን የሚያህል እርሻ ቢኖር በየማሳው ዳር እረኛ፣ ውሻና የሚያስነጥስ ፍየል አይጠፋም ነበር።

«አዳራሹ ለምንድነው?» አልኩት።

«ለጠብ» አለኝ። ሳቀና አስረዳኝ። ሚኒሶታ ገጠሩ ታውንሺፕ በሚባሉ ቀበሌዎች ተከፍሏል፤ ድሮ ሲለካ አንዱ ታውንሺፕ በየጎኑ ስድስት ስድስት ማይል ነበር። በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፣ ነዋሪው አዳራሽ ይሰበሰባል። ለጠጠር መንገዱ ስንት ይውጣ፣ በረዶውን ማን ይጥረግ፣ ግብሩ ስንት ይሁን ብሎ እጅ እያወጣ ይወስናል። የእርሱ አባት በሌላ ታውንሺፕ በየመጋቢቱ እየሄዱ ስለ አንዲት ድልድይ ሲከራከሩ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። እኔም ስለ ቀበሌ አዳራሽ አጫወትኩት፤ እጅ ማውጣቱ እኛም ዘንድ እንደነበረ፣ እጁን ያላወጣ ሰው ግን ማታ ማታ እንቅልፍ እንደማይወስደው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ነዳ።

ስለ ሶፋው ደግሞ እኔ የማስበውን ልንገራችሁ። ፎቶግራፍ አንሺው ምን እንዳሰበ የራሱ ጉዳይ ነው። ወደዚህ አገር የመጣ ወገን ሁሉ ግን ያን ሶፋ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ክረምት፣ ባዶ አፓርትማ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ፍራሽ። ከዚያ አንድ ቀን ጓደኛ ይደውልና «እገሌ ጎዳና ላይ ደህና ሶፋ ወድቋል፣ ሰው ሳያነሣው ቶሎ ኑ» ይላል። ሦስት ሆነን በረዶ ላይ እየተንሸራተትን ተሸክመነዋል። ፈረንጁ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «እኛ ነን እኮ የጣልነው» አለኝ።

ወደ ባንዱ ልመለስ። በ1995 ከሁሉ የላቀው አልበማቸው ወጣ፤ «ቱሞሮው ዘ ግሪን ግራስ» ይባላል። ፒያኖ ተጫዋቿ ካረን ግሮትበርግ ከገባች ወዲህ ድምፁ ደርቷል። ልክ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኦልሰን ባንዱን ለቀቀ። ሚስቱ ቪክቶሪያ ዊሊያምስ ራሷ የታወቀች ዘፋኝ ስትሆን የነርቭ በሽታ ይዟት ነበር፤ ሁለቱ በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ጆሹዋ ትሪ በሚባለው ሥፍራ ኑሯቸውን አደረጉ። ባንዱን የመሠረተው እርሱ ነው፤ አብዛኛው ዘፈንም የእርሱ እጅ አለበት።

በእኛ ዘንድ ማኅበር ሲከፈል መጀመሪያ የሚጣሉት በስሙና በማኅተሙ ነው። የሄደው «ስሙ የእኔ ነው» ይላል፤ የቀረው «ማኅተሙ በእጄ ነው» ይላል፤ በመጨረሻ አንድ ስም የያዙ ሁለት ማኅበራት ያንኑ የገና በዓል በሁለት አዳራሽ ያከብራሉ። ጄይሆክስ እንዲህ አልሆነም። ኦልሰን ሲሄድ ሌላ ስም ይዞ ሠራ፤ የቀሩት በድሮው ስም ቀጠሉ። ቀላል አልነበረም። በ1997 ያወጡት አልበም ጨለምተኛ ነው፤ የጎደለውን ድምፅ ለመሸፈን ጊታሩ ይጮኻል። በ2000 የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዎል» ካዘጋጁት አንዱ የሆነውን ቦብ ኤዝሪንን አምጥተው ወደ ዘመናዊ ሙዚቃ ሲጠጉ የቆየው አድማጭ አኮረፈ። በ2003 ወደ እንጨቱ ጊታር ተመለሱ፤ ከዚያ ለዓመታት ዝም አሉ።

ሁለቱ ሰዎች ከጊዜ በኋላ እንደገና አብረው መዝፈን ጀመሩ፤ በ2011 ሙሉ ባንዱ ከነኦልሰን «ሞኪንግበርድ ታይም» የተባለውን አልበም አወጣ። ያን ጊዜ የተደሰተው ሰው ብዙ ነበር። ደስታው ግን አንድ ዓመት ያህል ነው የቆየው፤ በ2012 ኦልሰን ዳግመኛ ሄደ። ሁለት ድምፅ ሲገጥም ሁለት ልብ ይገጥማል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የራሳችን ሰው ላንሣ፤ ዘመኑ አጋጥሞልኛል። ኃይሉ መርጊያ በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት የነበረው የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ባንዱ በ1981 አሜሪካን ሊዞር መጥቶ ከአባላቱ የተወሰኑት ዋሽንግተን ቀሩ፤ ዋሊያስም ያን ጊዜ ተበተነ። ኃይሉ በ1985፣ ጄይሆክስ በተቋቋመበት ዓመት፣ ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ በማይኖርበት ሰዓት ከመኪናው ኋላ ያለውን ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። አዲስ ነው የምለው። ይህን ያነሣሁት ስለ እኛ፣ ስለ አድማጮቹ፣ አንድ ቅሬታ ስላለኝ ነው። እኛ ስደተኞች ዘፋኝ አዳራሽ ጠርተን ከመድረኩ ሥር የምንጮኸው የድሮውን እንዲዘፍን ነው። አዲስ ዘፈን ሲጀምር ወደ ቢራው እንሄዳለን። ዘፋኙ አገር ቤት ያለውን ወጣትነታችንን እንዲመልስልን እንከፍለዋለን፤ እርሱ ግን እንደኛው አርጅቷል፣ ከያኔ ወዲህ ያየው ነገር አለ፣ እርሱንም ሊነግረን ይፈልግ ይሆናል።

የጄይሆክስም አድማጭ ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ «ብሉ» የምትባለውን የ1995 ዘፈናቸውን ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይሄድም። እነርሱ ግን በዚያች ዘፈን ብቻ እየተጦሩ መኖር ሲችሉ መሥራታቸውን አላቆሙም። በ2016 አንድ፣ በ2018 አንድ አልበም አወጡ። ከኪንክስ ባንድ የምናውቀው እንግሊዛዊው ሬይ ዴቪስ በ2017 ስለ አሜሪካ ሕይወቱ አልበም ሲሠራ አጃቢ አድርጎ ለንደን ድረስ የወሰደው እነዚህኑ የሚኒሶታ ሰዎች ነው። አሜሪካንን ለአውሮፓዊ የሚያሰማ ባንድ ሲፈለግ የተገኘው ከሲዳር ጎዳና ነበር።

እነሆ 2020 መጣ። አልበሙ የተቀዳው ከወረርሽኙ በፊት ሲሆን፣ ከሥፍራዎቹ አንዱ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ካነን ፎልስ አጠገብ ዛፍ ውስጥ የተደበቀው ፓኪደርም ስቱዲዮ ነው፤ ኒርቫና በ1993 «ኢን ዩተሮ»ን የቀዳበት ቤት። ስሙ ኤክስ ኦ ኤክስ ኦ ይባላል። አሜሪካኖች ደብዳቤ ሲጨርሱ የሚጽፉት ምልክት ነው፤ ኤክሱ መሳም፣ ኦው ማቀፍ። ገበያ ላይ የዋለው ሐምሌ 10 ቀን ነው። ያን ሐምሌ ማን ማንን ያቅፍ ነበር? ለቅሶ እንኳ በስልክ የደረስንበት ጊዜ ነው።

በሚኒያፖሊስ ደግሞ ከወረርሽኙ ሌላ ነገር ነበረ። ግንቦት 25 ቀን ጆርጅ ፍሎይድ ሠላሳ ስምንተኛውና ቺካጎ ጎዳናዎች በሚገናኙበት በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ። በሦስተኛው ቀን ሌክ ጎዳና አጠገብ ያለው የፖሊስ ጣቢያ ነደደ። የስደተኛው ሱቅ፣ የሜክሲኮው ዳቦ ቤት፣ የሱማሌው መደብር በሌክ ጎዳና ላይ ተደርድሮ ነበርና እሳቱ ማንንም አልመረጠም። ሴንት ፖል ውስጥ ቦሌ የተባለው የሐበሻ ምግብ ቤት ተቃጠለ፤ በኋላ በሌላ ሥፍራ እንደገና ተከፍቷል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰው እንዳይወጣ ታወጀ። እኛ የሌሊት ሠራተኞች ስለነበርን ወረቀት ይዘን ነበር የምንንቀሳቀሰው። ለጓደኛዬ «ሰዓት እላፊ» የሚለውን ቃል ያስተማርኩት ያን ሰሞን ነው። «ለዚህ የተለየ ቃል አላችሁ?» ብሎ ተገረመ። እንዴት አይኖረን!

አልበሙን አብረን የሰማነው በዚያው ሐምሌ፣ በየመኪናችን ሆነን፣ መስኮት ከፍተን ነው። ስለ ከተማው ቃጠሎ አንድ ቃል የለበትም፤ አስቀድሞ የተሠራ ነውና ሊኖርም አይችልም። ግን የመጀመሪያው ዘፈን ስለ ተረሳች ከተማ ነው፤ ያን ጊዜ የሰማው የሚኒያፖሊስ ሰው ሌላ ከተማ ሊያስብ አይችልም ነበር። እኔ የበለጠ ያዳመጥኩት ሌላ ነገር ነው። ማን እየዘፈነ ነው? በፊት ሉሪስ ብቻ ይመራ በነበረበት ቦታ አሁን ድራመሩ ቲም ኦሬገን ይገባል። ቀጥሎ ካረን ግሮትበርግ ፒያኖዋ ላይ ሆና የራሷን ዘፈን ታመጣለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ቤዝ ተጫዋች ማርክ ፐርልማንም ደራሲ ሆኖ ቀርቧል። የጎደለውን አንዱን ድምፅ የሚመስል ሰው ፈልገው አላመጡም፤ ሥራውን ለአራት ተካፈሉት። ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

እውነቱን ለመናገር አልበሙ የ1995ቱን አያህልም። ሁለት ሦስት ዘፈን ቢቀነስለት ይሻለው ነበር፤ አራት ደራሲ ሲኖር የማንንም ቅር ላለማሰኘት ሁሉም ይገባል፤ ይህን በማኅበር ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ግን እኔ ደጋግሜ የማዳምጠው እርሱን ነው። ጓደኛዬ ግን አሁንም የ1992ቱን ይመርጣል። በዚህ ተከራክረን አልተስማማንም።

በዚህ በኩል የምታልፉ ወገኖች ካላችሁ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሰማያዊው መስመር ባቡር ሲዳር-ሪቨርሳይድ ጣቢያ ድረስ ያለ መለዋወጥ ያደርሳችኋል። በዚያው ባቡር ወደ መሐል ከተማ ብትቀጥሉ ፈርስት አቬኑ የተባለው የሙዚቃ ቤት አለ። በ1937 የተከፈተ የግሬይሀውንድ አውቶቡስ ጣቢያ ነበር፤ በ1970 ሙዚቃ ቤት ሆነ። በአውቶቡስ አንድ ሻንጣ ይዞ አዲስ ከተማ የገባ ሰው ለሕንፃው ቅርጽ እንግዳ አይሆንም። ውጭው ግድግዳ ላይ ከተጫወቱበት የብዙዎቹ ስም በብርማ ኮከብ ተጽፏል፤ የፕሪንስ ከሞተ በኋላ በወርቅ ቀለም ተቀብቷል። የጄይሆክስን ለማግኘት ትንሽ መፈለግ አለባችሁ። ወደ ሆሊውድ ለመሄድ የምትሹ ግን መኪና ያስፈልጋችኋል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሆነ ደግሞ ወፍራም ጫማ፣ ጓንትና ብርድ ልብስ መኪና ውስጥ ሳትይዙ እንዳትወጡ።